የኦቹዶ ሦስት ጥርሶች

ኅዳር 3 ቀን 1964
ሙቀት። ሃያ ሰው መርፌ ወጋሁ። ዓሣ አጥማጁ ኦቹዶ እንደገና ጉንጩን ይዞ መጣ። «እንደ መብረቅ ይመታኛል፣ ከዚያ ይጠፋል።» መብረቅ አለኝ እኮ! ጥርስ ነው እንጂ። ሦስተኛውን ነቀልኩለት። ጤነኛ ይመስላል... ቢመስልስ? የጤና ጣቢያው ድሬሰር እኔ ነኝ።

ኅዳር 8
አልተሻለውም። «የታች ጥርሴን አባቴ በእኛ በአኙዋ ወግ አወጣ። የላዩን አንተ በማን ወግ ነው?» በሽተኞቹ ሁሉ ሳቁ። በማን ይሆን የሳቁት? ለአራተኛው ኅዳር 24 ቀጠርኩት።

ኅዳር 19
ጉድ ፈላ! ጢሜን ስላጭ ቀኝ ጉንጬን... እመቤቴ ድረሺ! ምላጩን ወርውሬ ጮህኩ። ጎረቤቴ እሙዬ እባብ መስሏት ዱላ ይዛ ገባች። ሕመሙ ወዲያው ለቀቀኝ።

ኅዳር 22
ነፋስ ሲነካኝ ይመታኛል። ሳኝክም። ፊቴን ግማሹን ብቻ ተላጭቼ ሥራ ገባሁ። እሙዬ፣ «አሸብር፣ ቀኝህ ብቻ ነው ሐዘን የተቀመጠው?»

ኅዳር 24
ጥርሴ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? በመስታወት እያየሁ ጉጠቱን አነሳሁ... እጄ እምቢ አለ። በር ላይ ኦቹዶ። ቀጠሮው ነበር ለካ! «እኔ ልንቀልልህ» አለ፣ ደስ ብሎት። ነቀለው። አገላብጦ አየና፣ «ጤነኛ ይመስላል።»

ኅዳር 25
አልተሻለኝም። ወይ ጉዴ! የኦቹዶ ሦስት ጥርሶች...

ታኅሣሥ 4
የሚሲዮኑ ሐኪም በአውሮፕላን መጡ። ሁለታችንንም አዩን። ጥርስ አይደለም፣ የፊት ነርቭ ነው አሉ። አንድ የፋርስ ሐኪም የሚያሳምመው ነርቩ አጠገብ ያለው የደም ሥር ነው ብሎ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ጽፎ ነበር አሉ። ስምንት መቶ ዓመት ወሬው ጋምቤላ ሳይደርስ! ፈረንጆቹም ቢሆኑ አልሰሙትም፤ ጥርስ ነቀሉ፣ በጋለ ብረት ተኮሱ፣ ነርቭ ቆረጡ። የሚጥል በሽታ ኪኒን እንደሚያስታግሰው የታወቀው ገና ትናንት ነው።
ደስ አለኝ። «የተሳሳትኩት እኔ ብቻ አይደለሁማ!»
ኦቹዶ፣ «የኔን የነቀልከው ግን አንተ ብቻ ነህ።»
አፈርኩ። ሐኪሙ ያመጡት ኪኒን ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ። ሌላው በሚቀጥለው አውሮፕላን።

ታኅሣሥ 5
ለኦቹዶ ሰጠሁት። እያለቀስኩ ነው የሰጠሁት፣ አልዋሽም።

ታኅሣሥ 12
ኦቹዶ ዓሣ በቀረው ጥርሱ ያኝካል፣ እየሳቀ። እኔ አጥሚት። አውሮፕላኑ የት ቀረ?

ጥር 6
ኪኒኑ መጥቶ ሰነበተ። ዛሬ ሁለቱንም ጉንጬን ተላጨሁ! እሙዬ እልል አለች።
አንዲት ሴት ጉንጯን ይዛ ገባች። ጉጠቱን ሳነሳ ኦቹዶ በር ላይ ቆሞ አፉን ከፈተልኝ። ድዱን አየሁና ጉጠቱን አስቀመጥኩ። «እህቴ፣ እንደ መብረቅ ነው ወይስ ዝም ብሎ ይጠዘጥዝሻል?»