ሁለት መቶ ዓመቷ ነው ያልካት ብረት

ታደሰዬ፣

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ሊሞላ አንድ ሳምንት ቀረው። ላንድማርክ ሰፈር ያለው አፓርትመንታችን እንዳለ ነው። መጋረጃውን ብቻ ቀየርኩት፤ ያንን አረንጓዴህን መቼም ወድጄው አላውቅም። ሥራ ግን ለውጫለሁ። አሁን አሌክሳንድሪያ አሮጌው ከተማ፣ የወንዙ ወደብ ዳር፣ ለቱሪስት ስጦታ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነኝ። አዎ፣ አንተ እንግዳ ሁሉ እየጎተትክ የምትወስድበት፣ እኔ ደግሞ አሁንም ጀመረው እያልኩ መኪና ውስጥ የምቀርበት ቦታ።

ከአገር ቤት የመጣ ሰው ሻንጣው ሳይወርድ ከኤርፖርት በቀጥታ ወደ ወንዙ ነበር። ድንጋይ በተነጠፈው መንገድ ታወርደውና ትምባሆና ስንዴ የጫኑ መርከቦች ድሮ እንዴት ይደረደሩ እንደነበር ትተርክለታለህ። መጨረሻ ላይ የመርከብ ገመድ የሚታሰርባት ያቺ አጭር ወፍራም ብረት። ምጽዋ ወደብ ላይ ዐሥር ዓመት ገመድ ስታስር የኖርክ ሰው ነህና ማን ይከራከርሃል? በመዳፍህ ዳበስ ታደርጋትና፣ ሁለት መቶ ዓመቷ ነው፣ ጨው እንዴት እንደበላት እዩ ትላለህ። ከዚያ ፎቶ። አክስትህም፣ የንስሐ አባታችንም ሳይቀሩ እዚያች ብረት ላይ እጃቸውን ጭነው ተነሥተዋል።

ጉድህን ልንገርህ? ባለፈው ሰመር ብረቷን ቀለም ሲቀባ ያገኘሁትን ሠራተኛ ጠየቅኩት። ቦታውን ሲያድሱ ለጌጥ የተተከለች ናት አለኝ፤ እኛ እዚህ አገር ከገባን በኋላ። ደግሞስ ወንዝ ጨው ከየት ያመጣል፣ የኔ ባለሙያ! ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ከዚያ ሱቁ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ላበሽቅህ ብዬ አጣሁህ።

ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። ቅዳሜ ግን ለቀብርህ ሳትደርስ የቀረችው ታናሽ እህትህ አልማዝ ዲቪ ደርሷት መጣች። ሻንጣዋን እንደጫንን ከቦርሳዋ ፎቶህን አወጣች። ብረቷን ተደግፈህ የተነሣኸውን። ከጀርባው፣ ስትመጪ እዚህ ነው የማነሣሽ ብለህ ጽፈህላታል። ወደዚያ ውሰጂኝ አለችኝ።

መንገዱን ሁሉ ጨነቀኝ። ታውቀኛለህ፣ ውሸት አልችልበትም፤ ስንቴ በሰው ፊት አርሜሃለሁ። ዝም እንዳልል ደግሞ እሷም እንዳንተው ጠያቂ ናት።

ደረስን። ቱሪስቱ አይስክሬሙን ይዞ ይተራመሳል፣ ጀልባዋ ሰው እየጫነች ትሄዳለች። አልማዝ ብረቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ በስልክ እንደነገረኝ እውነት ሁለት መቶ ዓመት ሆኗታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ብረቷ በአዲስ ቀለም ታብረቀርቃለች።

አዎ አልኳት። ጨው እንዴት እንደበላት አታዪም?

አነሣኋት። ከዚያ ስልኬን ለአንድ ቱሪስት ሰጥቼ ከጎኗ ቆምኩ። እዚያ ካንተ ጋር የተነሣሁት ፎቶ አንድም የለኝም፣ ታዴ። ከመኪና ለመውረድ ምን አሰነፈኝ? እሱ ነው የሚቆጨኝ።

ከእንግዲህ የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ፣ ሻንጣው ሳይወርድ፣ እኔው እዚያ አደርሰዋለሁ። ሁለት መቶ ዓመቷ ነው እላለሁ፤ የሚያርመኝም የለም።

ጽጌህ