የወይዘሮ ዶሪን ግድግዳ

ኢልክሊ፣ ሰኔ

ቤታንዬ፣

ፖስት ካርዱ ላይ የምታዪው አረንጓዴ የቴኒስ ሜዳ ያምራል፤ ዛሬ ግን እዚያው ላይ በመጀመሪያው ዙር ተሸንፌ ወጣሁ። እኩል ለእኩል ሳለን ኳስ ላድን ስሮጥ ሳሩ አንሸራቶኝ በግንባሬ ተደፋሁ። ከዚያ በኋላ እግሬን አላመንኩትም።

አንድ ሽማግሌ ከአጥሩ ማዶ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሳር ላይ እኮ እኛን እንግሊዞችን የሚችለን የለም» አሉኝ። ዌልሳዊት መሆኔ ይቅርና፣ ስዋንሲ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የምንጫወተው ጣሪያው በሚያፈስ አዳራሽ፣ ሲሚንቶ ላይ መሆኑን በምን አፌ ልንገራቸው? ሳር የምንረግጠው በዓመት አምስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ያኔ አገር ሁሉ ያየናል።

ያረፍኩት አንቺ የምታውቂያቸው ወይዘሮ ዶሪን ቤት ነው። በየሰኔው አንዲት ተጫዋች ማሳደሩንም፣ ፎቶዋን ኩሽናው ግድግዳ ላይ መለጠፉንም አልተዉም። ስመለስ ውጤቱን በስልካቸው አይተው፣ ዛሬውኑ የምሄድ መስሏቸው አንሶላዬን ገፈውታል። ፊቴን ሲያዩ አፈሩና መልሰው አነጠፉልኝ።

ከዚያ ሻይ እየቀዱልኝ ያንቺን ፎቶ በጣታቸው ነኩ። «ይህቺ ሳቂታ ጓደኛሽስ? የት ደረሰች?»

ፎቶው ላይ ራኬትሽን ትከሻሽ ላይ አድርገሽ ትስቂያለሽ፤ ጉልበትሽ ገና አልተጎዳም።

«እየተጫወተች ነው» አልኳቸው። ራኬቷን ሰቀለች ማለት አቃተኝ፤ ይቅር በዪኝ።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ምርኩዝሽን ሳትይዢ ደረጃ እንዳትወርጂ። ወይዘሮ ዶሪን «ስትመጣ አልጋዋ አለ በያት» ብለውሻል።

ካሪስ