ፍሬን መጨበጥ ያቃተው እጅ

ጎንደር፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.
ለውድ ባለቤቴ ለአንዳርጋቸው
መካነ ብርሃን

አንዳርጌ፣ ዓለሜ፣ እንደምን ከርመሃል? የጃናሞራ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኔና ልጃችን በጤና አለን። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። አያ ክንዱ በቅሎዎቻቸውን ይዘው ወደ እናንተ ስለሚመለሱ፣ በጉያቸው ሸሽገው እንዲያደርሱልህ ለምኛቸዋለሁ። አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው።

ባለፈው የጻፍህልኝን ደጋግሜ አነበብሁት። ፊደልህ ሁሉ ተንጋዷል። «ከብስክሌቱ ስወርድ ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ይደነዝዛሉ፣ የእጄን አንጓም ይወጋኛል፣ ግን ያልፋል» ብለሃል። አያልፍም! በዚሁ «ያልፋል» ባልነው ነገር ሰው ሞቶብናል።

ቢሻው ሞቷል። ሰምተህ ይሆናል፤ የሰማኸው ግን ውሸት ነው። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ተቆጣጣሪ ተብሎ ከአንተ ጋር ብስክሌት የተረከበው ቢሻው፣ «በወንበዴ ጥይት ወደቀ» ተብሎ ተለፍፏል። እኔ ግን ተረኛ ነርስ ነበርሁ። ከሊማሊሞ ቁልቁለት ገደል ገብቶ፣ በጭነት መኪና ተጭኖ ሲመጣ የተቀበልሁት እኔ ነኝ። በሰውነቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ የሚባል አልነበረም። የጎድን አጥንቱ ተሰባብሮ ውስጡ ይደማ ነበር።

አፉ ግን አልተያዘም። «ወይንሸት፣ ጣቶቼ አሉ ወይ?» አለኝ።

«አሉ» አልሁት።

«ታዲያ ምነው አይሰሙኝ? ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ጭመቁ ብላቸው እምቢ አሉኝ።»

እጁን ይዤው ነበር፤ መያዜን እንኳ አላወቀም። ዶክተሩ ሳይደርስ አለፈ።

አሁን የሚያስጠላኝን ልንገርህ። ብስክሌቶቹ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር በእርዳታ ሲመጡ፣ መዳፋቸው ላይ ስፖንጅ የተሰፋባቸው የቆዳ ጓንቶች አብረው መጥተው ነበር። ለእናንተ ግን አልታደሉም። ቢሻው እጁ ሲደነዝዝበት የዘመቻው ኃላፊ ጓድ ዋኘው ዘንድ ሄዶ ቢጠይቅ፣ «የአብዮተኛ እጅ አይደነዝዝም» ብሎ ስቆ መለሰው። ይህን ራሱ ቢሻው እኛ ቤት ምሳ ሲበላ አጫውቶኛል። እሱም ስቆ ነበር፣ ምስኪን።

በቀብሩ ዕለት ጓድ ዋኘው በላንድሮቨር መጣ። ከመኪናው ሲወርድ ያንን ጓንት አድርጓል። መሪ ይዞ እንዳይመስልህ፤ የሚነዳለት ሹፌር አለው! ጓንቱን ሳያወልቅ የቢሻውን እናት የእማማ እንኳየሁን እጅ ጨብጦ «ልጅዎ ጀግና ነው» አላቸው። ለእኔም እጁን ዘረጋልኝ። እኔ ግን እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትሁ።

በሳምንቱ «የሰማዕት መታሰቢያ» ተብሎ አዳራሽ ተጠራን። ከመግባታችን በፊት ጓድ ዋኘው ወደ ጥግ ወሰደኝ። ጥብስ በልቶ መምጣቱ ነው፣ ያንኑ ጓንት እንዳደረገ ጥርሱን በክብሪት እንጨት ይጎረጉራል።

«ስትጠሪ የጥይት ቁስሉን እንዳየሽ ተናገሪ። ሲሞትም መፈክር ያሰማ ነበር በዪ።»

«ጥይት አላየሁም» አልሁት።

«አሁን አየሽ» አለና ከጥርሱ ያወጣውን እግሬ ሥር እንትፍ አለው።

ተጠርቼ ተነሣሁ። እማማ እንኳየሁ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ምን ልናገር እንዳሰብሁ አላውቅም፤ ዓይናቸውን ሳይ አፌ በራሱ ተከፈተ። «እማማ፣ ልጅዎን ጥይት አልነካውም። እጁ ደንዝዞ ፍሬን መጨበጥ አቅቶት ነው የወደቀ። ጓንት ጠይቆ ተከልክሏል» አልሁ።

እማማ እንኳየሁ «እሰይ፣ እውነቱን የሚነግረኝ አገኘሁ» ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ማልቀስ ጀመሩ። አንዱ አጨብጫቢ ደንግጦ መፈክር አስጀመረ፣ ሰዉ ሁሉ የግራ እጁን አነሣ። ጓድ ዋኘውም ሊያነሣ ብሎ ጓንቱን ሲያይ እጁን መልሶ ጠረጴዛው ሥር ከተተ።

እንግዲህ አንተ ስማኝ፤ ሚስትህ ብቻ ሳልሆን ነርስም ነኝ። የሚደነዝዝህ በመዳፍህ ሥር የሚያልፈው ነርቭ በመሪው ሲጨፈለቅ ነው። የሰውነትህን ክብደት እጅህ ላይ አትጣለው፤ ወገብህና ሆድህ ይሸከሙት። ኮርቻው አፍንጫው ወደ መሬት ካዘነበለ ወደ ፊት ይገፋሃልና አስተካክለው፣ መሪውንም ትንሽ ከፍ አድርገው። አንጓህ አይቆልመም፣ ከክንድህ ጋር ቀጥ ይበል። ክርንህን ግን አታድርቀው፤ ለስለስ ብሎ ሲታጠፍ ነው የድንጋዩን ንዝረት የሚውጥልህ። አንተ ስትናደድ ብዕር እንኳ አንቀህ እንደምትይዝ አውቃለሁ፤ መሪውን እንደሱ አትነቀው። ያረጀ የውስጥ ጎማ በስሱ ቀድደህ ጠቅልልበት። እጅህን ከቦታ ቦታ አዛውር፣ ሜዳ ስታገኝ ቆም ብለህ አራግፈው። ቁልቁለት ከመጀመርህ በፊት ጣቶችህን ቆጥረህ አንቀሳቅሳቸው፤ አንዷ እንኳ ካልሰማችህ ወርደህ ግፋው። ሰው ይሳቅብህ። ደግሞስ ያን አገር ማን በብስክሌት ይዞራል! ግማሹን መንገድ አንተ ተሸክመኸው እንደምትሄድ አያ ክንዱ ነግረውኛል።

ከአሮጌው የቆዳ ካፖርትህ ጓንት ሰፍቼልሃለሁ፤ መዳፉን በባዘቶ ደልድዬዋለሁ። ካፖርቴን ቆረጠችው ብለህ አትቆጣ፤ ስፌቱ ሸጋ አይደለም እንጂ ይሞቅሃል።

ልጃችንን እንፍራንዝ እኅቴ እታገኘሁ ዘንድ ልኬያታለሁ። ትምህርት ሳይዘጋ ምነው ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። አየሩ ይስማማታል። ነገ ጠዋት ለአጭር ጥያቄ ቢሮ እንድቀርብ ተነግሮኛል። ሙቀት ቢሆንም ወፍራሙን ጋቢ ለብሼ እሄዳለሁ፤ እዚያ ወለሉ ሲሚንቶ ነው ይላሉ። ደብዳቤዬ ቢዘገይብህ ሥራ በዝቶባት ነው በል። አንተ ግን ወደ ጎንደር እንዳትመጣ። ስለ ልጃችን ብለህ እንዳትመጣ።

መድኃኔዓለም ከገደሉም ከሰዉም ይሰውርህ። የምትረግጠውን መሬት ያደላድልልህ፣ እጆችህን ይባርክልህ፤ ልጅህን የምታቅፍባቸው ናቸውና።

የአንተው ወይንሸት