በሻንጣዬ የሌለው መድኃኒት

ውድ ወንድሜ ገብረመድህን፤

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ተብዬ ነበር የተማርኩት፤ ዛሬ ግን ሰላምታው ትንሽ ይቆየኝና አንድ ወሬ ላርም። «አዲስዓለም ልጇ የሠራችውን የስኳር ቁስል መድኃኒት በሻንጣዋ ይዛ ለገና ትገባለች» እየተባለ በሰፈሩ እንደሚወራ ልጅህ አንተነህ ነገረኝ። ለገና መምጣቴ እውነት ነው። በሻንጣዬ ውስጥ ግን መድኃኒት የለም፤ ያለው ሁለት ቀሚስ፣ የስፌት ዕቃዬና ለሚስትህ ለቦሰና የገዛሁት ሻሽ ነው። ወሬ ብቻ ቢሆን ስቄ በተውኩት ነበር። አንተ ግን ይህንን አምነህ ለቀዶ ጥገና የተያዘልህን ቀን ሰርዘሃል አሉኝ፤ ብዕር ያነሳሁት ያኔ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበለኝ። እንዴት ሰነበትክ? እግርህስ እንዴት ነው? ሌሊት ያስተኛሃል? ስኳርህን ጠዋት ጠዋት ትለካለህ ወይስ ቦሰና ስትቆጣህ ብቻ? የእሷስ ጉልበት ተሻላት? እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ ሳዑዲ የኾባር ሙቀት ጋብ ስላለ ማታ ማታ ልጄ ሰናይት ወደ ባሕሩ ዳር ታወጣኛለች፤ ቀን ቀን ግን እዚህ አል ዑለያ ፎቅ ላይ ከማቀዝቀዣው ጋር ተፋጠን እንውላለን። ይህንን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩህ ስለምታቋርጠኝ ነው። «እትዬ፣ አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ» ትለኛለህ። ወረቀት አይቋረጥም። የደብዳቤውን ፎቶ ለአንተነህ እልክለታለሁ፤ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ጮክ ብሎ እንዲያነብልህ አዝዤዋለሁ።

ነገሩን የገባኝን ያህል በቅደም ተከተል ላስረዳህ። ሰናይት ደማም በምትሠራበት የምርምር ቤት፣ ስኳር ባለባቸው አይጦች ቁስል ላይ አንድ ቅባት ስትሞክር ነበር። ግማሾቹ እሱን ተቀቡ፤ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ተራ ቅባት። የእሷን የተቀቡት ቶሎ ዳኑ። በፋሲካ ሰሞን በስልክ ሰምታችሁ እልል ያላችሁት ይህንን ነው። ከዚያ ወዲህ ሪያድ ያሉ ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ቅባት፣ ያንኑ ዓይነት አይጥ ይዘው ሞከሩት። የእሷን የተቀባውም ተራውን የተቀባውም እኩል ዳነ። ቅባቱ ምንም አልጨመረም።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ያልኩት «ከሁለት አንዳችሁ ዋሽታችኋል» ነው። ስፌት ያስተማሩን እመት ሮዛ፣ ሁለት ልጆች አንድ ሰው ለክተው ሁለት ልክ ካመጡ፣ ማን እንደሳተች ሳይታወቅ ማንም ወደ ምሳ አይሄድም ነበር። ሰናይት ግን «እማዬ፣ ማንም አልዋሸም» አለችኝ። ማንም ካልዋሸ ታዲያ ምን ሆነ? እሷም አታውቀውም። ደማም ላይ አይጦቹን የምትይዘው ኬሪያ የምትባል የደሴ ልጅ ብቻዋን ናት፤ እጇ ለስላሳ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ሪያድ የሚይዟቸው ወንዶች ናቸው። አይጥ የወንድ ጠረን ሲሸታት ትጨነቃለች፣ የተጨነቀች አይጥ ደግሞ ቁስሏ ቶሎ አይሽርም ይላሉ። ወይም የሚተኙበት ሰጋቱራ ይሆናል፤ ወይም የክፍሉ ቅዝቃዜ፤ ወይም አይጦቹ ጥቂት ስለነበሩ እንዲያው አጋጣሚ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ኬሪያ የትኛው ሳጥን መድኃኒቱን እንደተቀባ እያወቀች ቁስሉን ትለካ የነበረ መሆኑ ነው። ልጅቱ ቅን ናት። ባለፈው እቤት መጥታ «እማማ፣ እንዲድኑልኝ ስለምመኝ ይሆናል እኮ ቁስሉን አሳንሼ ያየሁት» ብላ አለቀሰች። ምን ብዬ ልቆጣት?

አሁን እንደገና ሊጀምሩት ነው፤ ራሴን የያዝኩትም እዚህ ላይ ነው። የትኛዋ አይጥ መድኃኒቱን እንደምትቀባ እንደ እቁብ በዕጣ ይወጣል። የሚለካው ሰው የትኛዋ እንደተቀባች አይነገረውም፤ ስም ተሸፍኖ እንደሚታረም ፈተና ማለት ነው። ይኼ ገባኝ፤ እንዲያውም እስከ ዛሬ ለምን እንዲህ አላደረጋችሁም ብዬ ተቆጣሁ። ቀጥሎ «እንግዲህ ሁሉንም ነገር ይበልጥ አንድ ዓይነት አድርጉት፤ አንድ እጅ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ሰዓት» ብዬ መከርኳት። «አይ እማዬ፣ ተቃራኒውን ነው የምናደርገው» አለችኝ። በሦስት ከተማ ይሆናል፤ የሚይዙትም ሴትም ወንድም፣ አይጦቹም ሴትም ወንድም ይሆናሉ። ሁሉ ነገር አንድ ከሆነ፣ የሚገኘው መልስ ለዚያች ክፍልና ለኬሪያ እጅ ብቻ ሊሆን ይችላል ትላለች። ለአንድ ገላ ተለክቶ የተሰፋ ቀሚስ ለሌላ ሰው አይሆንም እንደማለት ነው ብዬ ለራሴ ላስረዳ ሞከርኩ። ግን እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ልክ፣ ልክ ስል ነው። ልክ ሲበዛ ያሳስታል ካሉኝ መቀሱን የት ላሳርፈው? እያሰብኩት ሰንብቻለሁ፤ ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነው። ኬሪያ «እማማ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፤ እኛም እኮ ግራ ገብቶን ነው የምንሠራው» ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። ባሰብኝ።

አንተ እንደምትጠይቀኝ ስለማውቅ ሰናይትን «ታዲያ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ብዬ አፋጠጥኳት። ዓይን ዓይኔን እያየች «አላውቅም» አለችኝ። በእኛ ጊዜ አላውቅም ያለ ተማሪ ቆሞ ይውል ነበር፤ እሷ ግን ተቀምጣ፣ እራቷን እየበላች ነው ያለችው። ስላንተ ስነግራት ግን እራቱን ተወችው። «አጎቴ በእኔ ወሬ እግሩን ቢያጣ ምን ይውጠኛል?» አለች። ቅባቱ ቢሠራ እንኳ ከአይጥ ወደ ሰው እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ያንተ ጣት ያን ያህል አይጠብቅም። የቁስልህን ፎቶ ስታይ «ሁለቱ የግራ እግሩ ጣቶች አሁኑኑ ይቆረጡ፤ ከዘገየ እግሩ ነው የሚሄደው» አለችኝ። ያንተ ሐኪም ምን እንዳለህ ገና አልነገርኳትም ነበር። አየህ፣ እሱ እዚያ፣ እሷ እዚህ፣ ሳይተዋወቁና ሳይመካከሩ አንድ ቃል ተናገሩ። ስለ አይጦቹ የገባኝ ትንሽ ነው፤ ይኼኛው ግን ገብቶኛል። ሂድና ተቆረጥ፣ ወንድሜ።

ቦሰናን ሻሹ እንደ ወደደችው ሰማያዊ ነው በልልኝ። አንተነህን ወሬውን ሳይደብቅ ስለነገረኝ ተባረክ በልልኝ። መክሊት ለፈተናዋ በርትታ ታጥና፤ አላውቅም ማለትን ግን ከአክስቷ ልጅ እንዳትማር፤ ገና ነው ለእሷ። ጎረቤትህን ከፈለኝንም ሰላም በልልኝ፤ ወሬውን የጀመረው እሱ ከሆነም ሰላም በልልኝ።

ነገ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ለአንተነህ ደውዬ አዲስ ቀጠሮ መያዙን እጠይቃለሁ። ካልተያዘ፣ ሰናይት ወደ ደማም ሳትወጣ ስልኩን ሰጥቻት ራሷ ታናግርሃለች፤ እሷን አታቋርጣትም። ቀጥሎ የጀመርኩልህን የጨርቅ ጫማ አወጣለሁ። ቀኙ አልቋል። ግራውን ልኩን ሳላውቅ መቀስ አላሳርፍበትም ብዬ አቆይቼው ነበር። ነገ ለሦስት ጣት እቆርጠዋለሁ፤ ልማዴ ባይሆንም ዙሪያውን ትንሽ ትርፍ እተውለታለሁ።

እህትህ አዲስዓለም

ኾባር፣ አል ዑለያ
ጥቅምት ፲፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.