የዳለቻ ገመድ እና ለጓሯችን የምትሆን ላም

ረቡዕ

ጋሼ ተሰማ፣ የአባዬ ታላቅ ወንድም፣ ስልካቸውን በጋቢያቸው ወልውለው ፎቶ እያሳዩን «ይቺ ናት ላም!» አሉ። ጥቁርና ነጭ፣ የፈረንጅ ዝርያ ያለባት፣ ከጣርማ በር በላይ በብርድ ያደገች። ግቷ ከኔ የደብተር ቦርሳ ይበልጣል። አባዬ የሙሽራ ፎቶ ያየ ይመስል ፈዞ ቀረ።

«ሣሩን ማን ያጭዳል?» አልኩ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

ጓሯችን ከሽንኩርቱ የተረፈች ቁራጭ መሬት ናት፤ ግጦሽ የለም። ትልቅ ላም ማለት ጠዋትም ከሰዓትም ሣር አጭዶ መሸከም ነው። የከሰዓቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማጠናከሪያ ደህና ሰንብት! ጋሼ እንዳያግዙ ወገባቸውን ያማቸዋል። ሣር ሲባል ብቻ።

ሐሙስ

የዚሁ የቆላውን ትንሿን ላም እንግዛ አልኩ። የማሽላ አገዳና የሽንኩርት አረም ይበቃታል፣ ሙቀቱም አይገርማትም።

«ያቺማ ፍየል ናት» አሉ ጋሼ።

«ዳለቻስ? እናንተን ያሳደገችው ትንሽ ላም አይደለችም እንዴ?»

«ያኔ እኛም ትንንሽ ነበርን!»

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከኔ ጋር ናት ብዬ ነበር።

ዓርብ

እኛ ዘንድ ሻጭ የራሱን ገመድ ፈቶ ይወስዳል፣ ገዢ የራሱን ይዞ ይሄዳል። ጋሼ የሟቿን የዳለቻን ገመድ ከማገሩ ላይ አወረዱ። ገዷ እዚያ ውስጥ ነው ያለው አሉ። አይጥም ነበረበት።

«ጋሼ፣ ይሄ ገመድ እኮ አልቋል። አዲስ ብትገዙስ?»

«ገድ የሚሸጥበት ሱቅ ታውቂያለሽ?»



ቅዳሜ

ገበያ። ትልቋ ላም ፀሐዩ ላይ ምላሷን አውጥታ ታለከልካለች። «እየሳቀችልን ነው» አሉ ጋሼ።

ዋጋ ተቆረጠ። ሻጩ ገመዱን ፈታ። ጋሼ አማትበው የዳለቻን ገመድ አሰሩላት። አንዴ ራሷን ነቀነቀች፣ ገመዱ ለሁለት! የቲማቲም ሣጥን ገልብጣ ሮጣ ሄዳ፣ በመጣችበት አይሱዙ ጥላ ሥር ቆመች። ጋሼ ግማሹን ገመድ እንደያዙ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እኔ አልሳቅሁም። ባጃጅ ጀርባ ሄጄ ነው የሳቅሁት።

«ገዳችን አይደለችም» አሉ አቧራቸውን እያራገፉ። ብሩ ገና አልተከፈለም ነበር፤ ሻጩ ገመዱን ይዞ ወደ ላሙ ሮጠ።

አጠገባችን እትዬ ዘሐራ የሚሏቸው የካራቆሬ ሴት አንዲት ቀይ አጭር ላም ከነጥጃዋ ይዘው ቆመዋል።

«ወላሂ የዚችን ዘር በኋላ ብትፈልጉ አታገኙም። ሰዉ ትልቅ ትልቁን እያለ ከሌላ እያዳቀለ ጨረሰው።»

ጋሼ በግማሹ ገመድ አሰሯት። አሸተተችውና ቆመች። በቃት!

«አየህ?» አሉት አባዬን፤ «ገመዱ መረጠ።»

ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ስናገር የት ነበር ይሄ ገመድ?

እሑድ

አንድ እቅፍ አገዳ በልታ ተኛች። አንድ እቅፍ! ነገ ከሰዓት ማጠናከሪያ እሄዳለሁ።

ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለጎረቤቱ ሁሉ «እኔ ከመጀመሪያውም ትንሽ ይሻላል ብያለሁ» እያሉ ነው።

ምሳ ላይ ግን ወደ አባዬ ጠጋ ብለው «ትንሽ ስለሆነች እኮ ሁለተኛም ትገባለች» ሲሉ ሰማኋቸው።

ተነስቼ ገመዱን አየሁት። ጫፉን ጥጃዋ እያኘከችው ነው። ለሁለተኛ ላም አይበቃም።

ተመስገን።