ጓያ ጉልበታቸውን የወሰደው የአቶ ውበቱ በላይ የሕይወት ታሪክ

አቶ ውበቱ በላይ ካሳ በኅዳር ወር 1944 ዓ.ም. በቦረና አውራጃ፣ ከመካነ ሰላም ግማሽ ቀን በሚያስኬደው በጥድ አምባ ሚካኤል አጥቢያ ይህችን ዓለም አዩ። አባታቸው አቶ በላይ ካሳ፣ እናታቸው ወይዘሮ በለጥሻቸው ወልደ ሚካኤል ይባላሉ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱ ሁለት ልጆች በኩፍኝ ስላለቁ፣ እናታቸው እስከ ሦስት ዓመታቸው ድረስ ከጀርባቸው አላወረዷቸውም። “ይህ ልጅ መሄድ ሳይማር ሊያረጅ ነው” እያሉ ጎረቤቶች ይስቁ ነበር። ኋላ የመጣውን ያየ ሁሉ በዚያ ቀልድ አፍሯል።

ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ከአጥቢያው መሪጌታ ዘንድ ገብተው ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ። ድቁና ይቀበላሉ ተብሎ ታስቦ ነበር። ነገር ግን አባታቸው ሌላ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው አሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው ከትምህርት አውጥተው ከበሬ ኋላ አቆሟቸው። በሃያ ዓመታቸው በሐምሌ ጭቃ፣ በዚያ እግር በሚይዘው መረሬ መሬት፣ ከጎልማሶቹ ቀድመው ትልም የሚያወጡ፣ በጥምቀት ከታቦት ፊት ሲዘልሉ ተረከዛቸው አይታይም የተባለላቸው ሰው ነበሩ።

በ1965 ዓ.ም. ዝናቡ ቀረ። በተከታዩ መስከረም አባታቸው በተስቦ ሞቱ፤ ከሁለቱ በሬ አንዱ ወደቀ። ቤት ውስጥ እናታቸው፣ የአሥር ዓመት እህታቸው ብርሀንነሽና እሳቸው ብቻ ቀሩ። ጤፉም ገብሱም ሲከዳ የበቀለው ጓያ ነው። ጓያ ሰማዩ ቢደርቅም መሬት ውስጥ በቀረ እርጥበት ብቻ ይደርሳል፤ ድርቅ አይገድለውም።

ጓያ ጉልበት እንደሚሰብር አገራችን ከጥንት ያውቃል። የሚሰብረው ግን ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው፣ ካልሆነም ጭዱ ላይ መተኛት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። መብሉን የጠረጠረ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ወይዘሮ በለጥሻቸው ድስቱ ሲጣድ ልጃቸውን ከቤት ያስወጡ ነበር። ክዳኑን የሚከፍቱት ደጅ አውጥተው፣ ነፋስ ባለበት፣ ፊታቸውን አዙረው ነው። እንደ ድንጋይ ከቀዘቀዘ በኋላ ያቀርቡላቸዋል። ጠዋት የጓያ ቂጣ፣ ማታ የጓያ ንፍሮ። “የሚያርሰው ይብላ፤ እኛ ተቀማጭ ነን” ብለው ከራሳቸውና ከብርሀንነሽ ድርሻ እየቀነሱ ይጨምሩላቸው ነበር። አቶ ውበቱ ጠገብኩ ሲሉ “ካልበላህ እኔም አልበላም” ብለው በእጃቸው ያጎርሷቸዋል። ከኅዳር እስከ ሰኔ እንዲህ ከረሙ።

በሰኔ 1966 ዓ.ም. የቀረውን በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ ጠምደው ሲያርሱ ሰነበቱ። አንድ ጠዋት ባታቸው ድርቅ ብሎ ተነሡ። “ብርድ ነው” ብለው ወጡ። እኩለ ቀን ሳይሆን ትልሙ መካከል ወደቁ፤ ተነሥተው እርፉን ያዙ፤ ደግመው ወደቁ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ተረከዛቸው መሬት መንካት ተወ። በጣታቸው ብቻ ይቆማሉ፤ ሊራመዱ ሲሉ ጉልበታቸው እንደ መቀስ ይጠላለፋል። በአንድ ዱላ ጀምረው ወደ ሁለት ገቡ። ወጌሻ አሻቸው፤ ጠበል ከረሙ። እጃቸው ደኅና ነበር፣ አንደበታቸውም ልባቸውም ደኅና ነበር። ሕመም እንኳ አልነበረውም። ከወገባቸው በታች ያለው ብቻ የሌላ ሰው ሆነባቸው። ዕድሜያቸው ሃያ ሁለት ነበር።

ንጉሡ ወረዱ የሚለው ወሬ ጥድ አምባ ሲደርስ አቶ ውበቱ ጠበል ላይ ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበሩ መሬት በገመድ እየለካ ሲያድል በሁለት ዱላ ስብሰባው ላይ ተገኙ። ሰብሳቢው አዩአቸውና “መሬት ለአራሹ ነው የተባለው፤ ለተቀማጩ አልተባለም” አሉ። የሳቀም ነበር። ያን ጊዜ ወይዘሮ በለጥሻቸው ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው “እርሻ ላይ አይደለም ወይ ጉልበቱን የጣለው! የጣለበትን መሬት ስጡት፣ ምናልባት ፈልጎ ያገኘው እንደሆነ!” ብለው ጮኹ። ሰብሳቢው አቀረቀሩ። ሁለት ጥማድ መሬት ተለካላቸው።

በዚያው ዓመት ከመኸር በኋላ የእናታቸው ወንድም አቶ አምባቸው ወልደ ሚካኤል በበቅሎ ጭነው ወረኢሉ አደረሷቸው፤ ከዚያ በአውቶቡስ ደሴ ወሰዷቸው። ሐኪሙ ጉልበታቸውን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገና ጓያ ስንት ወር እንደ በሉ ጠየቃቸው። ስምንት ወር አሉ።

“ከቤታችሁ ብዙ የበላው ማን ነው?”

“እኔ ነኝ።”

“ትንሽ የበሉትስ?”

“እናቴና እህቴ።”

“እነሱ ይሄዳሉ?”

“ይሄዳሉ።”

ሐኪሙ ከዚህ በላይ አልጠየቀም። እንፋሎቱም ጭዱም ምንም እንደማያደርጉ፣ የሚሰብረው እህሉ ራሱ እንደሆነ ነገራቸው። ሌላ መብል ጠፍቶ ለወራት እሱ ብቻ ሲበላ፣ ይልቁንም ከባድ ሥራ በሚሠራ ጎልማሳ ላይ፣ እግር የሚታዘዝበትን ጅማት ያደርቃል። ነፍስ አይገድልም። መድኃኒትም የለውም።

ሲመለሱ ወረኢሉ ላይ አቶ ውበቱ ከአውቶቡሱ ወርደው በቅሎ ላይ ሳይወጡ አጎታቸውን ያዙ። “እማዬ እንዳትሰማ። ከራሷ ጉሮሮ ቀንሳ ያጎረሰችኝ ነው የሰበረኝ ብዬ እንዴት እነግራታለሁ?” አሏቸው። አቶ አምባቸው በሚካኤል ማሉላቸው።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ በለጥሻቸው ደጅ ቆመው ይጠብቁ ነበር። እግዜር ያስገባችሁ እንኳ ሳይሉ፣ “እንፋሎቱ ነው አይደል? አንድ ቀን አንተ በሩ ላይ ሳለህ ክዳኑን ከፍቻለሁ” አሉ። ሁለት ዓመት ይህን ይዘው ነበር የኖሩት። አቶ ውበቱ “አይደለም እማዬ። አንቺ እየከለከልሽኝ አውድማው ላይ፣ የጓያ ጭድ ላይ ተኝቼ ነው” አሏቸው። እናታቸው ደረታቸውን መትተው “ምነው ብትሰማኝ!” አሉ። ከዚያ ወዲህ ይቆጡ ነበር እንጂ አይቆዝሙም።

ውሸቱ ግን ከደጃቸው አልቆመም። “ውበቱ ከደሴ ሐኪም ሰምቶ የመጣው ጭዱ ነው” ተብሎ በአጥቢያው ተወራ። ልጆች ከጓያ ጭድ ተከለከሉ፤ ጓያው ከፊቱ ይልቅ ያለ ሥጋት ተበላ።

በ1969 ዓ.ም. ከወግዲ የመጡትን ወይዘሮ ሸጋዬ ተረፈን አገቡ። ወይዘሮ ሸጋዬ ቀድሞ ባል ነበራቸው፤ በድርቁ ጊዜ ጥሏቸው የጠፋ። ዘመዶቻቸው “በሁለት ዱላ የሚሄድ ባል ምን ይሆንሻል?” ቢሏቸው “የፊተኛው ሁለት እግር ነበረው፤ ሄደበት” ብለው መለሱ። አስቻለች በ1970፣ ንጉሡ በ1973፣ አልታዬ በ1976 ዓ.ም. ተወለዱ። መሬቱን አርሶ ምርቱን ለሚያካፍል ሰው ለእኩል ሰጥተው፣ አቶ ውበቱ ተቀምጠው የቃጫ ገመድ ይገምዱ ነበር፤ ባለቤታቸው መካነ ሰላም ገበያ አውጥተው ይሸጡታል። የሰፈሩን ልጆችም ፊደል ያስቆጥሩ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ዝናቡ ዳግመኛ ጠፋ። ማሳው ላይ አሁንም የቀረው ጓያ ነበር። በመጋቢት ወር የጎረቤታቸው የወይዘሮ ብዙዬ ልጅ፣ አልታየች የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ውሃ ቀድታ ስትመለስ በደጃቸው አለፈች። አቶ ውበቱ ገመዳቸውን አቁመው እግሯን አዩ። በጣቷ ትረግጣለች፤ ተረከዟ አይወርድም። “ምን ሆነሽ ነው?” ቢሏት “ብርድ ነው ጋሼ፣ አብሽር” ብላ ሳቀችባቸው።

አጎታቸውን አስጠሩ። አቶ አምባቸው መጥተው ሰሙና፣ “አንተ ሰው፣ ለአንዲት እናት ብለህ የስንት እናት ልጅ ታስሰብራለህ? እኔ በሚካኤል ምዬ አፌ ታስሯል፤ አንተን ማን አሰረህ?” አሏቸው።

“ሰምታ ትሞትብኛለች አጎቴ።”

“እንጃ። ሌሎቹ ግን ሳይሰሙ ይሰበራሉ።”

አቶ ውበቱ ያን ሳምንት እህል ቀምሰው አልዋሉም ማለት ይቻላል። በእሑዱ እናታቸው የአቶ አምባቸውን በቅሎ ስበው ቤተ ክርስቲያን አደረሷቸው፤ ቅዳሴው አልቆ ሰው ሳይበተን አቶ ውበቱ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው ተናገሩ። “ጭድ ላይ አልተኛሁም። ዋሽቻለሁ። እኔን የሰበረኝ የበላሁት ጓያ ነው፤ ሐኪሙ የነገረኝ ይህንን ነው። አልታየችንም እየሰበራት ነው።”

አንድ ገበሬ ከኋላ፣ “ታዲያ ምን እንብላ ውበቱ? ድንጋይ?” አለ።

“ብሉት። ሌላ እንደሌለ አውቃለሁ። ግን አሳድራችሁ ዘፍዝፉት፤ ውሃውን ድፉት፤ ከሚመጣችሁ ትንሽ የእርዳታ ስንዴ ጋር ቀላቅሉት፤ በየቀኑ አትብሉት። ይልቁንም የሚያርሰው ይብላ ብላችሁ ለጎበዙ አታድሉ። የሚሰበረው እሱ ነው።”

ይህን ሲሉ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ወደ ወይዘሮ በለጥሻቸው ዞረ። እሳቸው ከሴቶቹ መካከል ቆመዋል። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና ስበው ያመጡትን በቅሎ ትተው ብቻቸውን ወደ ቤት ወረዱ።

በዚያ ዓመት የሰማም ነበር፣ ያልሰማም ነበር። ያልሰሙት ቤቶች አምስት ሰው ተሰበረባቸው። የአልታየች ሕመም ቶሎ በመያዙ በአንድ ዱላ ቀረ፤ ልጆች ወልዳ አሳድጋለች፤ ዛሬም ከለቀስተኛው መካከል አለች።

ወይዘሮ በለጥሻቸው ግን ከዚያ እሑድ ጀምሮ ለልጃቸው እህል አቅርበው አያውቁም። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረው፣ መሶብ ሲቀርብ ይነሡና ለብቻቸው ወደ ግድግዳ ዞረው ይበሉ ነበር። ስለ ሥራ ይነጋገራሉ፤ ስለ ዝናብ ይነጋገራሉ። ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልወጣቸውም። የልጅ ልጆቻቸውም ከእጃቸው ጉርሻ አልቀመሱም።

በ1986 ዓ.ም. ወይዘሮ በለጥሻቸው ጓሮ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ወጌሻውም አልቻለው፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሡም። በአንድ ቤት የማይሄዱ ሁለት ሰዎች ሆኑ። አቶ ውበቱ በእጃቸውና በጉልበታቸው እየዳኹ ውሃ ያቀርቡላቸው፣ ያገላብጧቸው ነበር። አንድ ቀን ሲያገላብጧቸው እናታቸው፣ “ለሰው ሁሉ ልጅ አዘንክ። ለእኔ አላዘንክም” አሏቸው።

“አዝኜልሽ ነው እንጂ እማዬ፣ ዘጠኝ ዓመት የዋሸሁት።”

“አሥረኛውን ለምን ነፈግከኝ?”

ወይዘሮ በለጥሻቸው በመጋቢት 1988 ዓ.ም. አረፉ። ልጃቸው የዚያን ጥያቄ መልስ እስከ መጨረሻው ሲፈልጉት ኖረዋል። ንስሐ አባታቸው “ኃጢአት አይደለም” ቢሏቸው “እሷ ናት ይህን የምትለኝ፣ እርስዎ አይደሉም” ይሉ ነበር። በደል አልሠሩም፤ ሰላምም አላገኙም።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰውነታቸውን የተሸከመው ትከሻቸው በ2004 ዓ.ም. ደከመ፤ ዱላዎቹም አላወጧቸው። ልጃቸው ንጉሡ ከደሴ ተሽከርካሪ ወንበር አምጥቶ ነበር፤ ለጥድ አምባ ዳገት አልሆነም፤ ዶሮ ሰፈረበት። አቶ ውበቱ “ቢያንስ አንድ ተሳፋሪ አገኘ” ብለው ስቀዋል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በመተኛት ብዛት ወገባቸው ላይ ቁስል ወጣ፤ ሳልና ትኩሳት ተጨመረበት። በጤና ጣቢያም በቤትም ሲረዱ ቆይተው በጥቅምት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሸጋዬን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ብርሀንነሽን፣ ሦስት ልጆችና ሰባት የልጅ ልጆች ትተዋል።

ይህ በቀብር ላይ አይነበብም፣ ሟችንም እናታቸውንም ያሳፍራል ያሉ ዘመዶች ነበሩ። ይነበባል። ጓያ ዛሬም ይዘራል። እንፋሎቱ ነው የሚል ሰው ዛሬም በዚህ ቀብር ላይ ቆሟል።

ዛሬ ቃሬዛቸውን እየተቀባበሉ ይህን ዳገት የሚያወጡት ሰዎች አብዛኞቹ፣ በ1977 ዓ.ም. ያንን እሑድ ከሰሙት ቤቶች የወጡ ናቸው። በገዛ እግራቸው ነው የመጡት። ለወይዘሮ በለጥሻቸው መልስ ይሆን እንደሆነ የምናውቀው ነገር የለም።

ወዳጆቻችን፣ ደክማችሁ መጥታችኋልና እግዚአብሔር ጉልበታችሁን ይጠብቅ። አቶ ውበቱን በአብርሃም አጠገብ ያስቀምጥልን። እናትና ልጅ ዛሬ ይገናኛሉ፤ ምን እንደሚባባሉ እኛ አንሰማም፤ ይቅር እንዲባባሉ ጸልዩላቸው።