ባዶ የማይመለሰው ድስት

ይድረስ ለልጅ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ ለናዝሬት፣ ካለሽበት ኩዌት።

እንደምን ሰንብተሻል ናዚዬ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ሥራው፣ እንቅልፉ፣ ምግቡስ? አሠሪዎችሽ ደህና ናቸው? እነዚያ ልጆች ያስተማርሻቸውን አማርኛ ዛሬም ለስድብ ብቻ ነው የሚያውሉት? እኔ አያትሽ ከጉልበቴና ከአመሌ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴን ሐኪም አይቶታል፤ ለአመሌ ግን አያትሽ እስከ ዛሬ መድኃኒት አላገኘችለትም።

ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ እንዳልነግርሽ አያትሽ ድምፁን ከፍ አድርጋ ለሰፈሩ ሁሉ ነው የምታሰማው፤ እኔ ደግሞ የማማው እሷኑ ነው። የጎረቤታችን የሃሊማ ልጅ ዘይባ ወደዚያው ስለምትመለስ ከበርበሬሽ ጋር ሸጉጣ ታመጣልሻለች።

አያትሽ መንበረ ለሐሞት ጠጠሯ ቀዶ ጥገና ማድረጓን ሰምተሻል። ተመስገን፣ ደህና ወጥታለች። ሐኪሙ ግን ለጊዜው ቅቤም በርበሬም እንዳትነኪ፣ ሾርባ ጠጪ አላት። ለጉራጌ ሴት ቅቤ የሌለው ምግብ ማዘዝ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። እናትሽ ጥቂት ቀን አስታማ ወደ ሥራዋ ሐዋሳ ተመለሰች። ወንድምሽ ነብዩ ባጃጁ ላይ ነው የሚውለው፤ እሱ ደግሞ የሚያውቀው መብላት ነው። እኔ እንደሆንኩ በዕድሜዬ ወጥ ቤት የምገባው ለመስቀል ክትፎ ልከትፍ ብቻ ነው። ይኼኔ ነው መምህር አለሙ ብቅ ያለው።

ከአጥራችን ወዲያ የሚኖረውን ጎጃሜውን ጡረተኛ አትረሺውም፤ ሒሳብ አስተምሮሻል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ራሱ ነው የሚያበስለው። ሾርባ የሞላበትን ሰማያዊ ድስቱን በፎጣ ጠቅልሎ፣ እንፋሎቱ ሳይበርድ ከች አለ። አያትሽ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ዓይኗን ጨፍና «እጅዎን ይባርከው» አለችው። ናዚዬ፣ እኔ ከተጋባን ጀምሮ ይህችን ምርቃት ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ለመስቀል እጄ እስኪዝል ከትፌ እንኳ «ጅማቱን አላወጣኸውም» ነው የምትለኝ። ደግሞ እሱን አንቱ፣ እኔን አንተ!

ይህ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። የሰው ዕቃ ባዶ አይመለስም አይደል ደንባችን? ድስቱ በመጣ ቁጥር አያትሽ አልጋዋ ላይ ሆና ታዛለች። መጀመሪያ የዶሮዬን እንቁላል፣ ቀጥሎ ከጓሮ የለቀምኩትን አቮካዶ፣ ከዚያ ለጉንፋኔ የደበቅኩትን ማር። የደበቅኩበትን ማወቋንም ያን ቀን ነው ያወቅኩት። እኔው ሞልቼ፣ እኔው ተሸክሜ ለሰውዬው አደርሳለሁ፤ እሱም በማግስቱ ጠጉሩን አበጥሮ ሾርባ ይዞ ይመጣል። ጠጉር አለው፤ ይህም ያናድደኛል።

ስለዚህ እኔው ልሠራ ቆረጥኩ። ያለኝ ዕቃ አንድ ብረት ድስት፣ አንድ ጭልፋ፣ የክትፎ ቢላዬና መክተፊያዬ ነው። ምድጃውን አበራሁና ካሮትና ድንቹን እንደ መስቀል ሥጋ ድቅቅ አድርጌ ከተፍኩት። ውሃው ሲፈላ ሁሉም ጠፋ። ብፈልግ ብፈልግ ካሮት የለም! ቀጠነብኝና ወፈር እንዲል ቡላ በእፍኝ ጨመርኩበት። ጭልፋውን ባቆመው ቆመ፤ ብለቀውም አልወደቀም። እኔ እንኳ ጥሩ ምልክት መስሎኝ ነበር።

አያትሽ ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች። «ወልዴ፣ በዚህ ዕድሜዬ ወለደች ብሎ የነገረህ ማነው? የአራስ ገንፎ ይዘህ የመጣኸው!» ብላ የሆዷን ስፌት በእጇ ደግፋ ሳቀች። ይባስ ብላ ያንኑ በመምህሩ ድስት ሞልቼ እንድወስድ አደረገችኝ። ደንብ ነዋ! ሰውዬው ክዳኑን ከፈተና የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ አየኝ። «ጋሽ ወልዴ፣ ሾርባ ጉልበት አይወድም፤ ዝግ ያለ እሳት ነው የሚወደው። በትልልቁ ይቁረጡት። ምስሩን ያስቀድሙ፣ ካሮቱን ያስከትሉ፣ ድንቹን መጨረሻ። ቡላውን ይተዉት» አለኝ። ላመሰግነው ብል አፌ እምቢ አለኝ። «አውቄ ነው፤ ላስቃት ብዬ» ብዬው ወጣሁ።

በማግስቱ ልክ እንዳለኝ አደረግኩ፤ ይህን አንቺ ብቻ እወቂው። ሽንኩርቱን በውሃ አቁላላሁ፣ ምስሩን አስቀደምኩ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጌ በርጩማ ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። የቅቤው ዕቃ መደርደሪያው ላይ ሆኖ ይጠራኝ ነበር፤ ኮሰረቱ ይሸተኛል። አንድ ማንኪያ ብጨምር ማን ያየኛል? ግን የሐኪሙ ነገር ትዝ አለኝና ጀርባዬን ሰጠሁት። አያትሽን ምን ያህል እንደምወዳት የሚጠይቅሽ ሰው ካለ፣ ቅቤ አጠገብ ተቀምጦ ቅቤ አልጨመረም ብለሽ ንገሪው።

አያትሽ አንዴም ቀና ሳትል ጨረሰችው። ምርቃቴን ልቀበል አንገቴን ዘንበል ባደርግ፣ ባዶውን ሳህን ዘርግታ «ጨምርልኝ» አለችኝ። በቃ። ያችን አንዲት ቃል ነፈገችኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ መምህሩ በጉንፋን ተኛ። አያትሽ እየተደገፈች ተነስታ ነጠላዋን ትፈልጋለች። «ሰውዬው ብቻቸውን ናቸው፤ ሄጄ ትኩስ ነገር ልሥራላቸው» አትለኝም! ደሜ ፈላ። እሷ ምድጃው አጠገብ ቆማ ከምትሠራለት እኔ ዕድሜ ልኬን ብቀቅልለት ይሻለኛል። ተቀመጪ ብዬ፣ ሰማያዊውን ድስት በሾርባዬ ሞልቼ ወሰድኩ። ሰውዬው ጠጣ፣ ላቡን ጠረገ፣ «ጋሽ ወልዴ፣ እጅዎን ይባርከው!» አለኝ። አየሽ ዕድሌን? ስመኘው የኖርኩት ምርቃት መጣልኝ፤ የመጣው ግን ጢም ካለው አፍ ነው።

ለአያትሽ ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። በማግስቱ ለመምህሩ ስሞላ ከኋላዬ ቀስ ብላ መጣችና የቤታችንን ድስት ከፍታ አየች። ጭልፋውን ቀማችኝ። «ለሳቸው ድንቹን፣ ለእኔ ውሃውን? ይኼ ሾርባ የተጀመረው ለማን ነው?» አለችና ከሰውዬው ድስት ድንቹን እየለቀመች ወደ እኛው መለሰችው። እኔ ሳቄን ደብቄ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። ናዚዬ፣ አያትሽ ቀናች! በሾርባዬ ቀናች! ከእንግዲህ ምርቃቷን ለፈለገችው ትስጥ፤ ምርቃት ለጎረቤትም ይሰጣል፤ ቅናት ግን ለባል ነው።

መምህሩ አሁን ድኗል። እኔ ግን «ገና ያስለዋል» እያልኩ ድስቱን እሞላለሁ፤ እሷ ስታየኝም ድንቹን አበዛለታለሁ።

አብራሽ የምትኖረው ሩቲ ደህና ትሁንልሽ፤ ሾርባ ካማራት ወደ እኔ ላኪያት። እናትሽ ከሐዋሳ፣ ነብዩ ከነባጃጁ፣ ሃሊማ ከነቤተሰቧ ናፍቀሻቸዋል። አያትሽ ይህን ደብዳቤ ሳታይ ጉንጭሽን ትስማለች። መምህር አለሙም ሰላም በልልኝ ብሎኛል፤ ብያለሁ፣ ከዚህ በላይ ከእኔ አይጠበቅም። እመብርሃን ከክፉ ትከልልሽ፤ በሄድሽበት እግር በደህና መልሳ ደጃችን ታድርስሽ።

ቅናተኛው አያትሽ
ወልደአማኑኤል

ቡታጅራ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.